ስም በምርቃት፣ ስም በውል፦ የአንድ የካዛንቺስ ሽሮ ቤት ጉዳይ

## ስለ ጉዳዩ

ይህ ጉዳይ ከ2015 እስከ 2017 ዓ.ም ድረስ የሄደ ነው። እኔ የገባሁበት በማርኬቲንግ አማካሪነት ነው። ቤተሰቡ እንድጽፈው ፈቅዷል፤ ስም እንዳልጠቅስ ግን ቃል ገብቻለሁ። ስለ ስም የሚያወራ ጽሑፍ ስሙን ሳይጠራ ሲሄድ ትንሽ ያስቃል። ይህን ብቻ ልበል፦ የቤቱ ስም የእናትየው የቁልምጫ ስም ነው። ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራቸው በእሱ ነው። የመታወቂያ ስማቸውን እኔ ራሴ ያወቅኩት የማመልከቻ ቅጽ ስንሞላ ነው። ከዚህ በኋላ "እማማ" እላቸዋለሁ።

ጉዳዩን የመዘገብኩት ትልቅ ስለሆነ አይደለም። አንድ ሽሮ ቤት ነው። ነገር ግን ስም መመረቅ፣ ስም ማከራየትና ስም ማስመዝገብ በአንድ ቤት ውስጥ ተቀላቅለው የተገኙበት ጉዳይ ብዙ አላጋጠመኝም።

## ቤቱና ስሙ

እማማ ሽሮ መሸጥ የጀመሩት በ1988 ዓ.ም ነው። ቦታው ካዛንቺስ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ የቀበሌ ቤት በረንዳ ላይ ነበር። ጥቂት ዱካና ሁለት የከሰል ምድጃ። የመጀመሪያ ደንበኞቻቸው ሾፌሮችና ጥበቃዎች ነበሩ፤ ብዙዎቹ ከኢኮኖሚ ኮሚሽኑ ግቢ አካባቢ የሚመጡ። ቀስ በቀስ የቢሮ ሠራተኛውም ተጨመረ።

ታፔላ አልነበረም። ደንበኛው "እሳቸው ጋ እንብላ" ሲል ቆይቶ በቁልምጫ ስማቸው መጥራት ጀመረ። ስሙን ያወጣው ማንም አይደለም። ትልቁ ልጅ ንግድ ፈቃድ ያወጣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ታፔላውም ያኔ ተሰቀለ። እኛ ማርኬቲንግ ነን የምንለው ሰዎች በስብሰባና በቅጽ ልናመጣው የምንደክምበትን ነገር እዚያ በረንዳ ላይ ዱካው ሠርቶታል።

ሽሮው ምጥን ሽሮ ነው። ሽንብራና አተር ተለቅሞ፣ ታምሶ፣ ተከክቶ፣ ከበርበሬውና ከቅመሙ ጋር ተቀላቅሎ ደርቆ ይፈጫል። ጓያ አይገባበትም። ይህን እማማ ሳይጠየቁ ይናገሩታል፤ ለምን እንደሆነ በኋላ ገባኝ።

## ምርቃቱ

የእማማ የእህት ልጅ ለ9 ዓመት አብሯቸው ሠርቷል። በ2010 ዓ.ም ሜክሲኮ አካባቢ የራሱን ቤት ሊከፍት ሲነሳ ቡና ተፈላ፣ ዳቦ ተቆረሰ። እማማም "ስሜን ይዘህ ሂድ፣ ይቅናህ" ብለው መረቁት። ልጁም እውነትም ቀናው። በራፉ ላይ የአክስቱን ስም ሰቀለ፣ ሰውም ገባለት።

በእኔ ሙያ ዓይን ካየነው ያን ቀን የብራንድ መጠቀሚያ ፈቃድ ተሰጥቷል። ለስንት ዓመት፣ ለየት ቦታ፣ ለምን ዓይነት ምግብ፣ ሽሮው ቢበላሽስ፣ የሚል ነገር የለበትም። ግን ያን ቀን እዚያ ቁጭ ብዬ ቢሆን ኖሮ ይህን ለመናገር አፌ አይደፍርም ነበር። በምርቃት መሃል ወረቀት ማውጣት ነውር ነው። የጉዳዩ ክብደትም ያለው እዚህ ላይ ነው። ቤተሰቡ ሕግ ስላላወቀ አይደለም ዝም ያለው። ለእህት ልጅ ስም መስጠት ውል የሚፈልግ ነገር መስሎ ስላልታየው ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት የእህት ልጅ ሽሮውን የሚገዛው ከአክስቱ ነበር። ከዚያ የቤት ኪራይ ጨመረ፣ ሽንብራም ተወደደ። ተፈጭቶ የተዘጋጀ ሽሮ ከገበያ መግዛት ጀመረ። ገበያ ላይ ዋጋ ለመቀነስ ጓያ የሚቀላቅል እንዳለ ባልትና የሚያውቅ ሁሉ ያውቃል። ጓያ ርካሽ ነው፤ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲበላ ደግሞ እግር የሚያሽመደምድ በሽታ ያመጣል። እሱ የገዛው ውስጥ ይኑርበት አይኑርበት ማንም አልመረመረም። ጣዕሙ መለወጡ ግን ታወቀ።

የታወቀው ደግሞ ሜክሲኮ አይደለም፤ ካዛንቺስ ነው። ሜክሲኮ በልቶ የተከፋ ሰው ካዛንቺስ መጥቶ "ቅርንጫፋችሁን ምን ነካው?" ይላል። ቅርንጫፍ አልነበረም። ገቢው የእማማ አይደለም፣ ሠራተኛው የእማማ አይደለም። ወቀሳው ብቻ የእማማ ነው። አንድ ደንበኛ ፊት ለፊት ሲናገራቸው ምንም አልመለሱም አሉ። ማታ ግን ለእህታቸው ልጅ አንድ ጆንያ ሽሮ ጭነው ላኩለት። ይህም አንድ ዓይነት የጥራት ቁጥጥር ነው፤ ግን የሚሠራው ጆንያው እስኪያልቅ ነው።

## ከውጭ የመጣው ጥያቄ

በ2015 ዓ.ም አንድ ባልትና የሚያሽግ ድርጅት መጣ። ስሙንና የእማማን ፊት በሽሮና በበርበሬ ማሸጊያ ላይ አትሞ ለሱፐርማርኬት ሊያቀርብ ፈለገ። ክፍያው አንዴ፣ በጥሬ ገንዘብ፣ በቃ። ገንዘቡ ቀላል አልነበረም። ትልቁ ልጅ "እንውሰድ" አለ። ሴት ልጃቸው "አይሆንም፣ ሜክሲኮን ያየ በእሳት አይጫወትም" አለች። ሦስተኛው ውጭ አገር ስለሚኖር በስልክ ሁለቱንም ይደግፋል።

እኔ የተጠራሁት ያኔ ነው። መጀመሪያ የጠየቅኩት "ለእህት ልጅ የሰጣችሁት ፈቃድ የታለ?" ብዬ ነበር። ትልቁ ልጅ ግን "ፈቃድ" የምትለዋን ብቻ ነው የሰማው። ግድግዳው ላይ በመስታወት የተሰቀለውን ንግድ ፈቃድ በኩራት አሳየኝ።

## ሁለት ስም፣ ሁለት ፈቃድ

የቋንቋችን ነገር ሆኖ ሁለት ነገሮች በአንድ ቃል ይጠራሉ። ንግድ ፈቃድ መንግሥት ሥራውን እንድትሠራ የሚሰጥህ ነው። የመጠቀም ፈቃድ ግን የስሙ ባለቤት ለሌላ ሰው የሚሰጠው ነው። በመጀመሪያው ሁለተኛውን መተካት አይቻልም።

ስምም እንዲሁ ነው። የንግድ ስም ነጋዴው የሚጠራበት ሲሆን የሚመዘገበው በንግድ መዝገብ ነው። የንግድ ምልክት ደግሞ ዕቃው ወይም አገልግሎቱ ላይ የሚቀመጠው ነው። እሱን የሚመዘግበው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሲሆን ሕጉም የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ነው። ጥበቃው ለ7 ዓመት ይቆያል፣ በየ7 ዓመቱም ይታደሳል። ቤተሰቡ የነበረው የንግድ ስም ብቻ ነው። በሽሮ ከረጢት ላይ የሚሟገትበት ምንም አልነበረውም። አሻጊው ድርጅት ሊገዛ የመጣውን ነገር ቤተሰቡ ገና በወረቀት አልያዘውም ማለት ነው።

ምድብም አለ። ዕቃና አገልግሎት በዓለም አቀፉ የኒስ አመዳደብ ተከፋፍሎ ነው የሚመዘገበው። ዱቄት፣ ቅመምና ቡና 30ኛ ምድብ ላይ ናቸው። ምግብ ቤት 43ኛ ነው። በአንዱ መመዝገብ ሌላውን አይሸፍንም። የእማማ ስም ዛሬ 43ኛ ላይ ነው የሚኖረው፤ የነገው ገንዘብ ግን ያለው 30ኛ ላይ ነው።

መዝገብ ስናስፈትሽ ስሙ በ30ኛም በ43ኛም ማመልከቻ ቀርቦበት ተገኘ። አመልካቹ የእህት ልጅ ነው። ሴት ልጃቸው ስልኳን አንስታ ልትደውልለት ስትል እማማ እጇን ያዙ። "ዛሬ አይደለም" ብለው ብቻ ወደ ጓዳ ገቡ።

## የመጀመሪያው መፍትሔና የእኔ ስህተት

እኔ ጠቡን ለመዝለል ፈለግኩ። ለታሸገው ሽሮ አዲስ ስም እናውጣ፣ የእማማ ስም ለምግብ ቤቱ ይቅር አልኩ። በትምህርት ቤት የተማርኩትን ሁሉ ተጠቀምኩ። ስሙ አጭር ይሁን፣ ለባህር ማዶ ሰው አፍ ይመች፣ ሌላ ማንም ያልተጠቀመበት ይሁን። ሁሉንም የሚያሟላ ስም አወጣሁ። ዛሬም ቆንጆ ስም ነው ብዬ አምናለሁ።

ማተሚያ ቤቱ በትንሹ አላትምም ስላለ ከሚያስፈልገን በላይ ከረጢት ታተመ። ሽሮው የእማማ፣ ቅመሙ የእማማ፣ ስሙ የእኔ። ሦስት ሚኒማርኬት ላይና በቤቱ ባንኮኒ ላይ አስቀመጥነው። ሚኒማርኬት ላይ ተቀምጦ ቀረ። ባንኮኒው ላይ ተሸጠ፤ ግን ለምን እንደተሸጠ አንድ ቀን ቆሜ አየሁ። ገዢው ከረጢቱን አንስቶ ያገላብጥና "የማን ናት?" ይላል። ባንኮኒው ላይ የምትሸጠው ልጅ "የእማማ ናት" ስትለው ብቻ ይከፍላል።

ባልትና የሚገዛው እጅ ታምኖ ነው። "እጇ ይጣፍጣል" የምንለው ለምግብ ብቻ ነው። ለሳሙናም ለስልክም አንልም። ስለዚህ ሽሮ ላይ የተጻፈ ስም "የማን እጅ ነው?" ለሚለው ጥያቄ ካልመለሰ ውበቱ አያስበላም። የእኔ ስም ለዚህ መልስ አልነበረውም። የተረፈው ከረጢት ለረጅም ጊዜ የእማማ ቤት የጎመን ዘር ማስቀመጫ ሆኖ አገልግሏል።

መሃል ላይ ሌላ ሐሳብም መጥቶ ነበር፦ ከቁልምጫ ስሙ ጋር "ካዛንቺስ" የሚለውን መጨመር። ይህንንም ተውነው። የቦታ ስም የሁሉም ነው፤ አንድ ነጋዴ ለብቻው አጥሮ ሊይዘው ይቸግራል። ደግሞም የሰፈር ስም የራሱን መንገድ ይሄዳል። ካዛንቺስ ራሱ የመጣው ጣሊያኖች በወረራው ጊዜ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ከሚያሠሩበት ተቋም አህጽሮተ ስም ነው፤ "ካዛ ኢንቺስ"። ተቋሙን የሚያስታውስ የለም። ስሙ ግን ትርጉሙን ጥሎ የእኛ ሆነ።

## ሽምግልናው

ወደ እህት ልጅ መሄድ ግድ ሆነ። ሦስት ሽማግሌዎች ተመረጡ፤ አንዱ የእድሩ ዳኛ ነበሩ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እማማ ቤት ተሰበሰብን።

ልጁ አልካደም። "አክስቴ እስካለች ማንም አይነካኝም" አለ። "እሷ ባትኖር ግን ልጆቿ መጥተው ታፔላዬን ያወርዱብኛል ብዬ ፈራሁ። ጉዳይ አስፈጻሚው ቶሎ በስምህ አስመዝግበው አለኝ።" ቤቱ ውስጥ ያለውን ገንዘብ ሁሉ ያፈሰሰው በዚያ ስም ነው። የሚጠብቀው ወረቀት የለም። እውነቱን ለመናገር በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ሳላመለክት አልቀርም ነበር። ምርቃቱ ባለቤቷን ብቻ ሳይሆን ተመራቂውንም ሜዳ ላይ ነው የጣለው።

ሽማግሌዎቹ ወደ እርቅ ቸኮሉ። "ይቅር ተባባሉ፣ ጉልበት ሳም፣ በቃ" ሊሉ ደረሱ። እርቁ ጥሩ ነው። ነገር ግን ይቅር ተባብለው ቢበተኑ መዝገቡ ላይ ያለው ማመልከቻ እንዳለ ይቀራል። ሴት ልጃቸው ደግሞ በተቃራኒው የኪራይ ያህል በየወሩ ይክፈል አለች። እማማ ፊታቸው ተለወጠ። ከእህት ልጅ የስም ኪራይ መቀበል ለሳቸው ሞት ነው።

እዚህ ላይ የቡናችንን ታሪክ አነሳሁላቸው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመለከተች። ሲዳሞ ላይ እንቅፋት ገጠማት። የአሜሪካው የቡና ኩባንያ ስታርባክስ ከአንድ ዓመት በፊት "ሽርክና ሰን ድራይድ ሲዳሞ" የሚል ስም ለማስመዝገብ አመልክቶ ነበር። ("ሽርክና" የእኛው ቃል መሆኑን ስናገር የእድሩ ዳኛ ሳቁ።) ኋላ ማመልከቻውን ተወው። የአሜሪካ ብሔራዊ የቡና ማኅበርም የኢትዮጵያን ምዝገባ ተቃውሞ ነበር። ከብዙ ክርክር በኋላ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 ኢትዮጵያና ስታርባክስ ስምምነት ተፈራረሙ። ኢትዮጵያ ለስሞቹ የመጠቀሚያ ክፍያ አልጠየቀችም። የጠየቀችው ስሞቹ የእሷ መሆናቸው ታውቆ፣ በእሷ ፈቃድ እንዲሠራባቸው ነው።

"እንግዲህ ገንዘቡን ተዉት" አልኩ። "ባለቤቷ ማን እንደሆነች ግን ይፈረም።" የእድሩ ዳኛ ወዲያው ገባቸው። "ብር ሳይሆን ምስክርነት ነው የምትፈልጉት" አሉ። እኔ በአንድ ሰዓት ያስረዳሁትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

ልጁ ማመልከቻውን አነሳ። እማማ በሁለቱም ምድብ በራሳቸው ስም አመለከቱ። ለልጁ ደግሞ ክፍያ የሌለው፣ በጽሑፍ የሆነ የመጠቀም ፈቃድ ተሰጠው። ውሉ እማማ ባይኖሩም ወራሾቻቸውን ያስገድዳል። ለሱ ትልቁ ነገር ይህ ነበር። በምትኩ ሽሮውን ከአክስቱ ቤት ብቻ ይገዛል፤ በወር አንድ ቀን ሳይነገረው የሚቀምስ ሰው ይመጣበታል።

የቡናው ምሳሌ እስከዚህ ድረስ ነው የሚያስኬደው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ገበሬዎችን ቡና ማሳ በማሳ እየዞሩ መቆጣጠር ስለማይቻል አገሪቱ ለዚያ የማያስገድዳትን መንገድ መርጣለች። አንድ ሽሮ ቤት ግን ይህን ሊል አይችልም። አዋጁም የሚለው ይህንኑ ነው፦ ስሙን ያከራየው ባለቤት የዕቃውን ወይም የአገልግሎቱን ጥራት የሚቆጣጠርበት ነገር የሌለው የፈቃድ ውል አይጸናም።

## እፍኙን መመዘን

ከአሻጊው ድርጅት ጋር ስንቀመጥ ያስቸገረን ይህ ነው። ጥራት ይጠበቅ ይላል ውሉ። የምኑ ጥራት? እማማ በእፍኝ፣ በጣሳና በዓይን ነው የሚሠሩት። ጠበቃው "በቤቱ ደረጃ መሠረት" ብሎ ጻፈ። የቤቱ ደረጃ የእማማ ምላስ ነው። ምላስ ደግሞ በአባሪነት አይያያዝም።

ሴት ልጃቸው ዲጂታል ሚዛን ገዝታ መጣች። ሚዛኑን ከሰፌዱ ስር አደረገችና "እማዬ፣ እንደልማድሽ ሥሪ" አለቻቸው። እማማ ኮረሪማውን፣ በሶብላውን፣ ነጭ አዝሙዱን በእፍኝና በጣት እየቆነጠሩ ይጨምራሉ፤ እሷ ግራሙን ትጽፋለች። ይህን 11 ጊዜ፣ በተለያየ ወር ደገሙት። መጀመሪያ ላይ እማማ ተናደዱ። "ሌባ የያዝሽ ይመስል ትመዝኚኛለሽ!" ኋላ ግን ራሳቸው ይጠይቁ ጀመር፤ "ስንት መጣ?"

ውጤቱ አስገረመን። ጨው ከሞላ ጎደል አይለዋወጥም። ኮረሪማም እንዲሁ። በጣም የሚለዋወጠው ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ነው። መጀመሪያ እጃቸው የሳተ መሰለን። ልጅቷ ቀኖቹን አስተያየችና ነገሩ ተገለጠ። በክረምት ይቀንሳሉ፣ በበጋ ይጨምራሉ። ተወቅጦ የሚገባው ሽንኩርትና ዝንጅብል እርጥብ ነው። በክረምት ድብልቁ ቶሎ አይደርቅም፤ እርጥበት ከያዘ ደግሞ ሽሮው ይሻግታል። እማማ በግምት አይደለም የሚሠሩት። አየሩን እያዩ ነው የሚያስተካክሉት። ይህን ራሳቸውም በቃል ብለውት አያውቁም።

ስለዚህ ውሉ ሁለት ሠንጠረዥ ወጣለት፤ የክረምትና የበጋ። ለአሻጊው ግን ሠንጠረዡን አልሰጠነውም። የቅመሙን ድብልቅ ቤተሰቡ አዘጋጅቶ ይሸጥለታል፣ እሱ ከሽንብራውና ከአተሩ ጋር ያስፈጫል፣ ያሽጋል። ኮካ ኮላ በየአገሩ ጠርሙስ የሚሞሉት ሌሎች ሆነው ዋናው ቅመም ግን ከባለቤቱ እንደሚሄደው ማለት ነው። ሠንጠረዡ ቤት ውስጥ ቀረ።

ለማወዳደሪያ ደግሞ እማማ "ይህ ነው የኔ" ያሉት ሽሮ በሦስት የመስታወት ማሰሮ ታሸገ። አንዱ ቤት፣ አንዱ አሻጊው ጋ፣ አንዱ የእድሩ ዳኛ ጋ ተቀመጠ። ሽታው ስለሚሞት በየ6 ወሩ ይታደሳል።

## ውሉ፣ የሠራውና ያልሠራው

የአንድ ጊዜ ክፍያውን አልተቀበልንም። እኔ መጀመሪያ ያረቀቅኩት ከሽያጭ በመቶ የሚታሰብ ሮያሊቲ ነበር፤ ከውጭ ውሎች የቀዳሁት። ትልቁ ልጅ "የሰውዬውን ሂሳብ ማን ያሳየናል?" ሲል ዝም አልኩ። ትክክል ነበር። ለውጠን በከረጢት አደረግነው። ከረጢቱን የሚያሳትመው ቤተሰቡ ነው፤ ቁጥር አለው። አሻጊው ሲወስድ በወሰደው ልክ ይከፍላል። የሸጠውን መቁጠር አያስፈልግም።

ውሉ ለ3 ዓመት፣ ለሽሮና ለበርበሬ ብቻ ነው። ሲቋረጥ የቀረው ከረጢት በ30 ቀን ውስጥ ይመለሳል። የፈቃድ ውሉም ባለሥልጣኑ ጋ ተመዘገበ፤ ካልተመዘገበ በሦስተኛ ወገን ላይ ውጤት የለውም።

የእማማ ፊት ቀረ። ገንዘብ አይደለም ምክንያቱ። "ሽሮው ሲያልቅ ላስቲኩ የት ይጣላል? ፊቴ ቆሻሻ ላይ ወድቆ ሰው ሲረግጠው አላይም" አሉ። እኔ ፊት ይሸጣል ብዬ ተከራከርኩ። ተሸነፍኩ። በምትኩ ወንፊት የያዘ እጅ ተሳለ። የእኔን ውድቀት ያስታወሰ ሰው ካለ፣ "የማን እጅ ነው?" ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ምስል አይገኝም። ይህን ግን ያሰብኩት እኔ አይደለሁም።

ያልሠራውም አለ። የተቀደደ ከረጢት አስጨቃጨቀን፤ አሻጊው ተበላሸ ብሎ የማይከፍልበት ቁጥር በየወሩ ያድጋል። የተቀደደውን ከረጢት ራሱን ካላመጣ አይቀነስለትም አልን፣ ቆመ። ቅምሻውም በአንድ ሰው ላይ መንጠልጠሉ ጎዳን። እማማ ጉንፋን ይዟቸው አንዱን ዙር ጣሉት፤ ከማሰሮው ጋር ስናነጻጽረው ምንም አልነበረበትም። ድርጅቱ 9 ቀን ጠበቀ፤ ቅሬታው ተገቢ ነው። ቀማሹ ሦስት ሰው ሆነ፣ ውሳኔውም በ2 ቀን ውስጥ። በርበሬው ጨርሶ ከሸፈ። መጋዘን ውስጥ እርጥበት ያዘው፣ ቀለሙም ጠወለገ። ከ4 ወር በኋላ ከውሉ አወጣነው።

## ለሌላ ቤት ብሠራ

መዝገብ ካስፈተሽኩ በኋላ ከሁሉ በፊት ከአመልካቹ ጋር መነጋገርን አስቀድማለሁ። እኔ ግን ያንን ዘልዬ አዲስ ስም ወደ ማውጣት ሄድኩ፤ ሁለት ወር ባከነ።

ዘመድ ሲሆን ክፍያንና ባለቤትነትን ለያይቼ እነጋገራለሁ። ሰው የሚያፍረው ከዘመድ ብር መቀበልን ነው፤ መፈረምን አይደለም። ሁለቱን አንድ ላይ ስታመጣ ፊርማውም አብሮ ይወድቃል። ተቀባዩንም ምን እንደሚያስፈራው እጠይቃለሁ። የእህት ልጅ ማመልከቻ ከክፋት ሳይሆን ከፍርሃት የመጣ ነው፤ ፍርሃቱን ያስወገደለት ደግሞ ወራሾችን የሚያስገድደው አንቀጽ ነው።

ጥራት የሚለውን ቃል ባዶውን ውል ውስጥ አላስገባም። የሚመዘን ከሆነ ይመዘን፣ የሚቀመስ ከሆነ ማን፣ መቼ፣ ከምን ጋር አስተያይቶ እንደሚቀምስ ይጻፍ። ባለሙያው "በግምት ነው" ሲል አላምነውም።

የክፍያ መለኪያም በእጄ ያለ ነገር ቢሆን እመርጣለሁ። ከረጢት መቁጠር ይቻላል።

## ቤቱ ሲነሳ

በ2017 ዓ.ም መጀመሪያ በኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲነሳ የእማማ ቤትም አብሮ ተነሳ። ምድጃው፣ በረንዳው፣ መስታወቱ የተሰቀለበት ግድግዳ ሄደ። ጊዜው አጭር ስለነበር ምትክ ቦታ ሳይገኝ ቀረ።

እማማ ድስታቸውን ይዘው የገቡት ሜክሲኮ፣ እህታቸው ልጅ ቤት ነው። ለ4 ወር እዚያ አበሰሉ። ሳይነገረው የሚመጣ ቀማሽ አያስፈልግም ነበር፤ ባለቤቷ ራሷ ምድጃው ላይ ናት። ልጁ ኪራይ አልጠየቀም።

ደንበኛው ግን የት እንደሄዱ አያውቅም። ቀጥሎ በታተመው ከረጢት ጀርባ ላይ "ቤታችን ለጊዜው ሜክሲኮ ነው" የሚል አንድ መስመር ተጨመረ። ሱፐርማርኬት ሽሮ የገዛ የድሮ የካዛንቺስ ሰው ከረጢቱን ይዞ ይመጣ ነበር። አንዱ ከረጢቱን ለእማማ አሳይቶ "አድራሻችሁን ከወጥ ቤቴ አገኘሁት" ብሏቸዋል።

አሁን ስታዲየም አካባቢ ትንሽ ቤት ተከራይተዋል። ከቀማሾቹ አንዷ የ19 ዓመት የልጅ ልጃቸው ናት። ባለፈው ማሰሮው ሲታደስ እማማ አልቀመሱም፤ እሷ እስክትናገር ጠበቁ። "ነጭ ሽንኩርቱ በዝቷል፣ ገና ክረምቱ አልወጣም እኮ" አለች። ማሰሮው ሳይታሸግ ተመለሰ።